«አሰልጣኙ ከካንሳስ ጻፈለት፤ ልጄን ልላከው?»

የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ከሦስት ዓመት በፊት በዲቪ መጥተን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የመጀመሪያ ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፤ በሰኔ ይጨርሳል። ቁመቱ 6 ጫማ ከ2 ኢንች ነው፤ ጋርድ ይጫወታል። ከቅርጫት ኳስ ሌላ ወሬ የለውም። ጂፒኤው 2.6 ነው። አንድም ዩኒቨርሲቲ አልጠራውም። ባለፈው ወር ግን ካንሳስ ያለ የጁኒየር ኮሌጅ አሰልጣኝ በኢንስታግራም ጻፈለት፤ ‹ሙሉ ስኮላርሽፕ አለህ› አለው። ሌላ ሰው ደግሞ 3,000 ዶላር ከከፈልን ለብዙ ኮሌጆች እንደሚያስተዋውቀው ነገረን። ባለቤቴ ‹ኳስ እንጀራ አይሆንም፤ እዚሁ ይማር› ይላል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ሁሉ ‹ልጃችሁ የት ገባ?› ይለናል። ጁኒየር ኮሌጅ ብሎ መመለስ ያሳፍራል? ካንሳስን የማውቀው በካርታ ነው። ልላከው ወይስ ልከልክለው? ደግሞስ ጾም ሲገባ እዚያ ምን ይበላል?»
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ልጅዎን አይከልክሉት። ገና ግን እሺም አይበሉ። ከእሺታ በፊት ለአሰልጣኙ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጠያቂዋም እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። «አንተ ጋ ሁለት ዓመት ተጫውተው የጨረሱት ልጆች አሁን የት ናቸው?» የዚህን መልስ ሳይሰሙ የአውሮፕላን ቲኬት አይቁረጡ።

በኀፍረቱ ልጀምር። እሱ ቤት ውስጥ እያለ ሌላውን ነገር በሰከነ ልብ ማየት አይቻልም። ጁኒየር ኮሌጅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት እየተማረ ይጫወታል፤ የቀረውን ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይጨርሳል። ከእናንተ አጠገብ ታኮማ ፓርክ ያደገው ስቲቭ ፍራንሲስ በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። መጀመሪያ ቴክሳስ፣ ሳን ጃሲንቶ ኮሌጅ ገባ። ቀጥሎ እዚሁ ሜሪላንድ ከምበርላንድ ከተማ ወዳለው አሌጌኒ ኮሌጅ መጣ። ከዚያ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት የኤንቢኤ ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። ጂሚ በትለርም ቴክሳስ ታይለር ጁኒየር ኮሌጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ነው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ የገባው። እና ቅዳሜም እሑድም ሲጠይቁዎት ስሙን ሳይደብቁ ይናገሩ።

ስማቸውን ያነሳሁት ግን ልጅዎ ኤንቢኤ ይገባል ለማለት አይደለም። አይገባም ብላችሁ አቅዱ። ባለቤትዎ «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው ለአብዛኛው ልጅ እውነት ነው፤ ልጁም ይህን ከአባቱ መስማቱ አይጎዳውም። ግን እንጀራ ባይሆንም የትምህርት ክፍያ ሊሆን ይችላል። ዕዳ ሳይሸከም ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ከዚያ አንድ መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ቀሪውን ሁለት ዓመት ቢሸፍንለት፣ ይህ ለአንድ ዲቪ ደርሶት ለመጣ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ልትደራደሩ የሚገባው በዚህ ላይ ነው።

ልጅዎ «ማንም አልጠራኝም» ብሎ ራሱን እንዳይንቅም አደራ። ዘመኑ ተቀይሯል። ድሮ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ የተዛወረ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። ከ2021 ጀምሮ አንድ ጊዜ ሳይቀመጥ መዛወር ተፈቀደ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በትምህርቱ ብቁ እስከሆነ ድረስ ደጋግሞ መዛወር ይችላል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ከሃይስኩል የወጣ የ18 ዓመት ልጅ ከሚያሳድግ፣ ሌላ ቦታ ሦስት ዓመት የተጫወተ የ22 ዓመት ጎልማሳ መውሰድ ይቀለዋል። ብዙ ጥሩ ጥሩ ልጆች ዛሬ በር የተዘጋባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጁኒየር ኮሌጅ ግን በየዓመቱ ቦታ ይለቀቅበታል፤ ሁለተኛ ዓመቶቹ በጸደይ ሲወጡ ቡድኑ በግማሽ ባዶ ይሆናል ማለት ይቻላል። አሰልጣኙ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ተጫዋች ሲፈልግ ይከርማል። ስለዚህ ልጅዎ አልዘገየም። እናንተም በአንድ የኢንስታግራም መልእክት ተዋክባችሁ የምትወስኑበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ «ሙሉ ስኮላርሽፕ» እንምጣ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ጁኒየር ኮሌጆች ያሉበት ማኅበር ኤንጄሲኤኤ ይባላል፤ ሦስት ዲቪዥን አለው። በዲቪዥን አንድ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ምግብንና መጻሕፍትን ሊሸፍን ይችላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትም ሊከፍል ይችላል። በዲቪዥን ሁለት ክፍያና መጻሕፍት ብቻ ነው፤ መኝታና ምግብ ከኪስ ነው። በዲቪዥን ሦስት በስፖርት ስም ምንም አይሰጥም። ልብ ይበሉ፣ «ይችላል» ነው ያልኩት። ዲቪዥን አንድ ያለ ኮሌጅ ለአንዱ ልጅ ሁሉን ሰጥቶ ለሌላው መጻሕፍት ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም ግን «ስኮላርሽፕ» ነው የሚባሉት። (ካሊፎርኒያ ላላችሁ አንባቢዎች፦ የእናንተ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የስፖርት ስኮላርሽፕ ጨርሶ አይሰጡም።)

ስለዚህ አሰልጣኙ የጻፈውን ቃል ትታችሁ ወረቀት ጠይቁ። «ሌተር ኦፍ ኢንተንት» የሚባል የኤንጄሲኤኤ ፎርም አለ። ኮሌጁ ምን ምን እንደሚሸፍን እዚያ ላይ ይሰፍራል። የሚያገለግለው ለአንድ የትምህርት ዓመት ነው። ለሁለተኛው ዓመት እንደገና መፈረም አለበት፤ አሰልጣኙ ካልፈለገ አይፈርምም። ይህን ልጅዎ ከመፈረሙ በፊት ይወቀው። አንድ ሌላ ነገር፦ ግሪን ካርድ ስላላችሁ ልጅዎ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ይችላል፤ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነም ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ ያገኛል። በ2025–26 የትምህርት ዓመት የፔል ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር። አንዳንድ ኮሌጅ መጀመሪያ ፔሉን ወስዶ የቀረውን ብቻ በስኮላርሽፕ ይሞላና «ሙሉ» ይለዋል። ወንጀል አይደለም። ግን ገንዘቡ ልጅዎ በማንኛውም ኮሌጅ የሚያገኘው ስለሆነ፣ አሰልጣኙ ከራሱ ምን እንዳወጣ ለይታችሁ እወቁ። የምትጠይቁት በቀጥታ ነው፦ «ፔሉን ሳይጨምር እናንተ የምትሰጡት ስንት ነው? ከኛ ኪስ በዓመት የሚወጣውስ?» መልሱን በኢሜይል ያስልኩ።

ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልመለስ። ልጆቹ አሁን የት ናቸው?

መልሱን ከአሰልጣኙ ብቻ አይጠብቁ። ማታ ላይ ከልጅዎ ጋር ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡ። የኮሌጁን የስፖርት ገጽ ክፈቱና የቡድኑን ስም ዝርዝር አውጡ። የአምናውንም የዘንድሮውንም ጎን ለጎን። በየስሙ አጠገብ «ፍሬሽማን» (አንደኛ ዓመት) ወይም «ሶፎሞር» (ሁለተኛ ዓመት) የሚል አለ፤ የመጡበት ከተማም ተጽፏል። አምና ፍሬሽማን የነበሩትን በወረቀት ጻፉ። ከነሱ ውስጥ ዘንድሮ ሶፎሞር ሆነው የተመለሱት እነማን ናቸው? ጥቂቶቹ ሌላ ቦታ አግኝተው በጊዜ ቢሄዱ ያለ ነው። ግን አብዛኞቹ ከጠፉ፣ አሰልጣኙ በየዓመቱ ብዙ ልጅ ሰብስቦ ያልፈለገውን የሚበትን ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ የአምና ሶፎሞሮችን ስም አንድ በአንድ በጎግል ፈልጉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚጫወቱ ከሆነ ስማቸው በአዲሱ ቡድን ዝርዝር ላይ ይወጣል። ይህን ለመሥራት ቅርጫት ኳስ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል።

ይህን ይዛችሁ አሰልጣኙን በቪዲዮ አናግሩት። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ወደኋላ አይበሉ፤ ልጅዎ ያስተርጉም። ደህና አሰልጣኝ ስም ጠርቶ ነው የሚመልሰው። እገሌ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እገሌ ኳሱን ትቶ ነርሲንግ እየተማረ ነው፣ እገሌ ደግሞ ውጤቱ ወርዶ አቋረጠ ይላችኋል። ያቋረጠውንም ጭምር መናገሩን እወድለታለሁ። «ብዙ ልጆች ዲቪዥን አንድ ዩኒቨርሲቲ ልከናል» ብሎ አንድም ስም ካልጠራ ግን ጥርጣሬ ይግባዎት። ካለፈው ዓመት ተጫዋቾች ከአንዱ ጋር እንዲያገናኛችሁ ለምኑት። ልጅ ለልጅ ሲያወራ እውነቱ ቶሎ ይወጣል።

አሁን ደግሞ በእኛ ልጆች ላይ በተለይ የሚደርሰውን ልንገርዎ። ልጅዎ ከሦስት ዓመት በፊት ከመጣ 9ኛ ክፍልን የተማረው ኢትዮጵያ ነው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹን ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት ሁሉ ይጠይቃል። እዚያ ያለ ዘመድ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ማኅተም ያለበትን ትራንስክሪፕት ዛሬ ያውጣ። ልጁ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው ያኔ እንሯሯጣለን ካላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ መዝገብ አጣሁ ሊል ይችላል፤ የሚያመላልሳችሁም አታገኙም።

ሁለተኛ፣ የሃይስኩል ካውንስለሩ ጋ ሂዱ። ለኤንሲኤኤ ዲቪዥን አንድ (ከጁኒየር ኮሌጆቹ ዲቪዥን አንድ የተለየ ነው) 16 ኮር፣ ማለትም ዋና፣ የሚባሉ ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፤ በነሱ ብቻ የተሰላ ጂፒኤ 2.3 መድረስ አለበት። የልጅዎ 2.6 ጂምና ሥዕል ተደምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አትዘናጉ። የኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጡ፣ ክፍሎችም ሁሉም እንደ ኮር አይቆጠሩም። በትምህርት ቤቱ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ የትኞቹ እንዳሉ ካውንስለሩ በስም ይንገራችሁ። አንድ ሁለት ትምህርት ከጎደለው ከመመረቁ በፊት መሙላት ቢችል ትልቅ ነገር ነው። ከሃይስኩል ሲወጣ መስፈርቱን ያሟላ ልጅ ጁኒየር ኮሌጅ አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶም መዛወር ይችላል። ያላሟላ ግን ከጁኒየር ኮሌጁ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ይዞ መውጣት ይጠበቅበታል። ካንሳስ ሦስት ወር ቆይቶ አልተስማማኝም ቢል የሁለቱ ልጆች ዕድል እንደማይመሳሰል ይታይዎት።

ሦስተኛው ወጥመድ ልጆቹ ራሳቸው የማያዩት ነው። በጁኒየር ኮሌጅ ሁለተኛውን ዓመት ለመጫወት 24 ክሬዲትና 2.0 ጂፒኤ ይበቃል። ወደ ኤንሲኤኤ ዲቪዥን አንድ ለመዛወር ግን 2.5 ነው የሚጠየቀው፤ ክሬዲቱም ተቀባይ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው መሆን አለበት። 2.1 ይዞ ሲጫወት የከረመ ልጅ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስለዋል። አሰልጣኙም ያሰልፈዋል። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው በሩ ላይ ይቆማል። መግቢያ ፈተና ላይ ዝቅ ብሎ የማጠናከሪያ ሒሳብና እንግሊዝኛ ከተመደበም፣ እነዚያ ክሬዲቶች አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፉም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ኢላማው 2.5 ሳይሆን 3.0 ይሁን። አሰልጣኙንም «የተጫዋቾችህን የክፍል ምርጫ ማን ያያል? የማጥኛ ሰዓት ግዴታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጁኒየር ኮሌጅ የተጫወተው ዓመት ከአራቱ የዩኒቨርሲቲ ዓመታት ይቀነሳል አይቀነስም የሚለው ደንብ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቷል፤ «አይቆጠርብኝም» ብሎ እንዳያቅድ ንገሩት።

3,000 ዶላር የጠየቃችሁን ሰው በትሕትና ሸኙት። አንድ የጁኒየር ኮሌጅ አሰልጣኝ ኢሜይሉ ኮሌጁ ገጽ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ እሱን ለማግኘት ደላላ አያስፈልግም። ከደላላ ከሚመጣ መልእክትም ከልጁ ከራሱ የመጣ ይበልጣል። ልጅዎ ይህን ይሥራ። ሦስት ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ያዘጋጅ፤ ምርጡን ሠላሳ ሰከንድ መጀመሪያ ላይ ያድርገው፤ የትኛው ልጅ እንደሆነ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ያሳይ። ሙዚቃ አይጨምርበት። ደንክ (ዘሎ ኳሱን ቀለበት ውስጥ መክተት) ብቻ አይደርድር፤ ኳስ ሲያቀብል፣ ሲከላከል፣ ተሳስቶ ወደ ኋላ ሲሮጥ ይታይ። ከጎኑ ያልተቆረጠ የሙሉ ጨዋታ ሊንክ ያስቀምጥ፤ አሰልጣኝ የሚያምነው እሱን ነው። የኢሜይሉ ርእስ ላይ የምረቃ ዓመቱ፣ ቦታው፣ ቁመቱ፣ ጂፒኤውና ከተማው ይግቡ። ቁመቱ ያለ ጫማ ይለካ። 6 ጫማ ከ4 ብሎ ሄዶ በር ላይ 6 ከ2 ከሆነ፣ የተናገረው ሌላው ነገር ሁሉ ይጠረጠራል። የሃይስኩል አሰልጣኙን ስልክ ከታች ይጨምር። ለሃያ ለሠላሳ ኮሌጅ ይላክ፤ ለየአንዳንዱ ግን ስሙን ጠርቶ፣ ቡድኑን አይቶ ይጻፍ። የካንሳሱ አሰልጣኝ ብቸኛ ምርጫ ሲሆን ነው ከባድ የሚመስለው። ሦስት አራት መልስ ሲመጣ እናንተም ቀና ብላችሁ ታወራላችሁ።

ከነዚያ ሠላሳዎች ውስጥ የቅርቡ አይዘለል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ራፕተርስ የሚባል ቡድን አለው፤ አንዱ ካምፓሱ እዚያው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የካውንቲው ነዋሪ የሚከፍለው ዝቅተኛውን ነው፤ ማደሪያ ቤታችሁ ነው። ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር የሚረዳ ኤምታፕ የተባለ ፕሮግራምም አለ። ባለቤትዎ «እዚሁ ይማር» ሲሉ ከኳሱ ጋር የሚጣላ ነገር አልተናገሩም ማለት ነው። እዚህ ኮሌጅ አሰልጣኙ ጋ ሄዶ ልሞከር ማለት ይችላል።

ታዲያ ካንሳስን ለምን በፍጹም አልተውኩም? ካንሳስ ለጁኒየር ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የዋዛ ቦታ ስላልሆነ ነው። የጁኒየር ኮሌጆች ዲቪዥን አንድ የወንዶች ብሔራዊ ውድድር ከ1949 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚካሄደው እዚያ፣ ሃቺንሰን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ወደዚያ ግዛት ሊግ ዓይናቸውን ይጥላሉ። ግን ጨዋታው ጠንካራ ነው። ከዲቪዥን አንድ ዩኒቨርሲቲ የተመለሱ፣ ከውጭ አገር የመጡ፣ ከልጅዎ በዕድሜ የሚበልጡ ጋርዶች አሉ። ከተማዎቹም ትናንሽ ናቸው፤ ከግዛቱ ትልቅ ከተማ ከዊቺታ ወጥቶ ሜዳ ለሜዳ ረጅም መንገድ መንዳት ነው። የሐበሻ ሱቅ አይጠብቁ። ልጅዎ ብቸኝነትን ይችላል? ልብሱን ራሱ ያጥባል? ጠዋት ሳይቀሰቅሱት ይነሳል? ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ በበኩሌ፣ ሁለቱም ዕድል በእጃችሁ ቢኖር፣ ካንሳስን የምመርጠው ሦስት ነገር ከተሟላ ብቻ ነው፦ ማደሪያና ምግብ በጽሑፍ ከተሸፈነ፣ የቀድሞ ተጫዋቾቹ የት እንደደረሱ ከታየ፣ ልጁም ስለ ትምህርቱ የጠየቁትን ሳያጉረመርም ከመለሰ።

ስለ ጾሙ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ለማንሳትም አይፈሩ። የኮሌጅ ካፊቴሪያ ሰላጣ፣ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ፓስታ አያጣም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለሚሮጥ ልጅ ግን አይበቃም። የጾሙን ነገር አሰልጣኙ በነሐሴ ሳይሆን አሁን ይስማ፤ ከንስሓ አባቱም ጋር ልጁ ራሱ ይነጋገር። ማደሪያው ውስጥ ማይክሮዌቭ ወይም ወጥ ቤት አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ካለ ሽሮና በሶ በፖስታ ይላካል። ከጾሙ ይልቅ ቤተሰብ የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። በታንክስጊቪንግና በፈረንጆቹ ገና ማደሪያውም ካፊቴሪያውም ሊዘጋ ይችላል። ተጫዋቾቹ ደግሞ ለልምምድ ቀድመው ይመለሳሉ። በእነዚያ ሳምንታት የት ያድራል፣ ማን ያበላዋል፣ ቤት ለመምጣት ቲኬቱን ማን ይከፍላል? በዓመት አንድ ጊዜ ሊሸፈን ከሚችለው ጉዞ ውጭ ያለው የእናንተ ወጪ ነው። ይህንንም ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር በዚያው ኢሜይል ይጻፉለት።